ባለቤቱ የሞተበትን ኢቨንት ማን ያንሳው?

የክፍያ ሰርቨር አንድ ክፍያ ለማስተናገድ ከወትሮው አሥር እጥፍ ጊዜ ወሰደ እንበል። የፕሮግራሙ ሎግ ክፍያው መቼ እንደገባና መቼ እንዳለቀ ይነግረናል። በመሃሉ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ፕሮሰሱን ከሲፒዩ አውርዶ ሌላ ሥራ አስቀድሞ እንደነበር፣ ወይም ዲስኩ መልስ አዘግይቶ እንደነበር ግን ሎጉ አያውቅም። ከርነሉ ይህን ሁሉ በማይክሮሰከንድ ሊመዘግብ ይችላል፤ እሱ በተራው የማያውቀው ፕሮሰሱ በዚያች ቅጽበት የትኛውን ክፍያ ይዞ እንደነበር ነው። የመዘግየቱ ምክንያት የሚታየው ሁለቱ በአንድ ሰዓት ተለክተው በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ተጠቃሚው ራሱ የሚፈጥረው የትሬስ ኢቨንት የመጣው ከዚህ ፍላጎት ነው። ተራ ፕሮግራም ለከርነሉ «እንዲህ የሚባል ኢቨንት አለኝ፣ እነዚህን መረጃዎች ይይዛል፣ ፈላጊ ሲመጣ እጽፋለሁ» ብሎ ያስመዘግባል።

መፍጠሩ ቀላል ነው። ለዓመታት ሲያስቸግር የኖረው ማንሳቱ ነው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ ኢቨንቱ ይቆይ ወይስ ይጥፋ? ይጥፋ ከተባለ፣ ሌላ ሰው እያነበበው ቢሆንስ? ይቆይ ከተባለ፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚነሳና የሚወድቅ ፕሮግራም ጥሎት የሚሄደውን ማን ይጠርገዋል? የዕድር ጸሐፊ የነበረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አባል መመዝገብ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ከተማ ለቆ የሄደን ሰው ስም ከመዝገብ ማንሳት ግን ስብሰባ ይጠይቃል።

ታሪኩን ከአትላንታ ብጀምር ለከተማችን ማድላት አይሁንብኝ። በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ከተሠሩት የቆዩ ሥራዎች ጥቂት የማይባሉት በእርግጥ እዚህ፣ በጆርጂያ ቴክ፣ ተሠርተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይውሰዷቸው።)

በ1985 የጆርጂያ ቴክ ሰዎች ሪቻርድ ለብላንክና አርኖልድ ሮቢንስ በብዙ ማሽን ላይ የተከፋፈሉ ፕሮግራሞችን በኢቨንት ስለመከታተል ጽሑፍ አቀረቡ። ሮቢንስን የዩኒክስ ሰዎች የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ኃላፊነቱን ይዞ በቆየበት፣ ጋውክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ነው። በዚያ ዘመን ጥናት ዋናው ጭንቀት በፕሮሰሶች መካከል የሚመላለሰውን መልእክት መዝግቦ፣ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ምን እንደሆነ መረዳት ነበር። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የዕድሜ ጥያቄ ገና የለም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ክትትሉም አብሮ ያልቃል፣ የሚቀረው የተጻፈው መዝገብ ብቻ ነው። ኢቨንቱን በአደራ የሚይዝ፣ ከፕሮግራሙ በላይ የሚኖር ሌላ አካል አልነበረም።

ጥያቄው ብቅ ያለው ፕሮግራሞቹ ማለቅ ሲያቆሙ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጆርጂያ ቴኩ የካርስተን ሽዋን ቡድን ፋልከን የሚባል ሥርዓት ሠራ። ዌይሚንግ ጉ፣ ግሬግ አይዘንሃወር፣ ጄፍሪ ቬተር፣ ጆን ስታስኮና ሌሎችም አሉበት፤ ሥራው በ1995 ለሕትመት በቃ። ፋልከን የታሰበው እንደ ኬንዳል ስኩዌር ባሉ ግዙፍ ማሽኖች ላይ ለሰዓታት ለሚሮጡ ሳይንሳዊ ስሌቶች ነው። ተመራማሪው ስሌቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ እየሮጠ ሳለ ያየዋል፣ ካስፈለገም አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። ለዚህ ሲባል በፕሮግራሙ ውስጥ ሴንሰሮች ይቀመጣሉ፤ ሴንሰሮቹ ግን ሁልጊዜ አይጽፉም፣ በሥራ መሃል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ኢቨንት አለ ማለት ሥራ ላይ ነው ማለት እንዳልሆነ በግልጽ የታየው እንዲህ ባሉ ሥርዓቶች ነው። የኢቨንት ዕድሜ ከዚህ ጀምሮ ሁለት እርከን አለው፤ አንዱ መኖር፣ ሌላው መከፈት። ከዚህ በታች የማነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ሁለቱ በተለያዩ ሰዎች እጅ ከመሆናቸው ነው። የሚያኖረው ፕሮግራመሩ ነው፣ የሚከፍተው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ከዚያ በጥቅምት 2000 አራተኛው ዓመታዊ የሊኑክስ ሾውኬዝ እዚሁ አትላንታ ተካሄደ። በአካባቢው የሊኑክስ ወዳጆች የተጀመረ ጉባኤ ነበር፤ በዓመቱ ወደ ኦክላንድ ተዛወረ። በ2000ው ጉባኤ የአይቢኤሙ ሪቻርድ ሙር ዳይናሚክ ፕሮብስን አቀረበ። ሐሳቡ ኦኤስ ቱ ከተባለው የቀድሞ የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጣ ነው፤ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ሳያደርጉ፣ ሳያጠፉም፣ በሚሮጠው ኮድ ላይ በፈለጉት ቦታ መቆሚያ ነጥብ አስገብቶ መረጃ መሰብሰብ። ከዚህ የወጣው ኬፕሮብ በ2004 በሊኑክስ 2.6.9 ከዋናው ከርነል ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲያ ኢቨንት ከርነሉ ሲሠራ አብሮት የተወለደ ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ። ሰው በሥራ ሰዓት የሚተክለው፣ ስለዚህም ሰው የሚረሳው ነገር ሆነ።

የሽዋን ቡድን በበኩሉ ወደ ከርነሉ ውስጥ ገባ። በ2002 ክሪስቲያን ፖላባወርና ባልደረቦቹ ኬኮ የተባለውን ሥራ አወጡ፤ የአንዱ ማሽን ከርነል ለሌላው ማሽን ከርነል በቀጥታ ኢቨንት የሚልክበት መስመር ነው። በላዩ የተሠራው ዲፕሮክ ሊኑክስ ስለ ፕሮሰሶች የሚናገርበትን የፕሮክ ማውጫ አስፍቶ የሌሎቹን ማሽኖች ሁኔታም እንዲያሳይ አደረገው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ኢ-ኮድ ነው። ተጠቃሚው በሲ መሰል ቋንቋ ትንሽ ማጣሪያ ይጽፋል፤ ማጣሪያው እዚያው ከርነል ውስጥ ወደ ማሽን ኮድ ተቀይሮ «ይህን ላክ፣ ያንን ተው» እያለ ይመርጣል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የተጠቃሚን ትንሽ ፕሮግራም በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስለሚያስሮጠው ኢቢፒኤፍ ሲያወራ ይህ የአትላንታ ሥራ የሚያስታውሰው ማጣቱ ያስቆጫል። ሳንዲፕ አጋርዋላ ከሽዋን ጋር በ2006 ያወጣው ሲስፕሮፍም የዚያው መስመር ቀጣይ ነው። ሽዋን በ2015 አረፈ። 

ከላቦራቶሪ ወጥተን ሰው በየቀኑ የሚጠቀምባቸውን ሥርዓቶች ስናይ፣ ለ«ማን ያንሳው» የተሰጡት መልሶች ይለያያሉ።

በጣም ቀላሉ መልስ ጥያቄውን አለማንሳት ነው። የሊኑክስ ትሬስ ማርከር ማንኛውም ፕሮግራም ጽሑፍ የሚጥልበት አንድ ፋይል ነው፤ ምዝገባ የለም፣ ስለዚህ ስረዛም የለም። ለአንድ ማታ ምርመራ ይበቃል። በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር መጻፍ ሲመጣ ግን ሁሉም ጽሑፍ በአንድ ጉድጓድ ተደባልቆ መለየቱ ፈተና ይሆናል፣ አንዱን ብቻ ከፍቶ ሌላውን መዝጋትም አይቻልም።

ሁለተኛው መልስ የኢቨንቱን ዕድሜ ከኮዱ ዕድሜ ጋር ማሰር ነው። በ2008 በሊኑክስ 2.6.28 የገቡት የማቲዩ ዴኖዬ ትሬስፖይንቶች ከርነሉ እስካለ አሉ፤ በሞጁል ውስጥ ያሉት ደግሞ ሞጁሉ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ። ንጹሕ ይመስላል፣ ግን አንድ ጉድ አለበት። በትሬስ ቋቱ ውስጥ እያንዳንዱ መዝገብ የሚታወቀው በኢቨንቱ ስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ሞጁሉ ወጥቶ ሌላ ሞጁል ቢገባና ያንኑ ቁጥር ቢወስድ፣ የቀድሞው ሞጁል የተወው መዝገብ በአዲሱ ሞጁል ትርጉም ይነበባል፤ ፋይል የመክፈት መዝገብ የኔትወርክ ፓኬት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ከርነሉ ለዚህ ያበጀው መድኃኒት ጨካኝ ነው። ኢቨንቱ አንዴም ተከፍቶ ከነበረ ሞጁሉ ሲወጣ ቋቱን ሙሉ በሙሉ ያጸዳዋል። ከመዋሸት መርሳት ይሻላል የሚል ውሳኔ ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ። ኢቨንትን መሰረዝ ስሙን ከዝርዝር ማውጣት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ወደኋላ የተጻፈው ሁሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከእሱ ነው።

ሦስተኛው መልስ ለሰው መተው ነው። የኬፕሮብና በ2012 የመጣው፣ በተጠቃሚ ፕሮግራም ላይ የሚተከለው አቻው የዩፕሮብ ኢቨንቶች እንዲህ ናቸው። አስተዳዳሪው በፋይል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ይተክላቸዋል፣ ሌላ መስመር ጽፎ ይነቅላቸዋል። ተከፍተው ባሉበት መንቀል አይፈቀድም፣ «ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ካልነቀላቸው ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ ይኖራሉ። በትንሽ ማሽን ላይ ችግር የለውም። አንድ ሺህ ሰርቨር ያለበት ቤት ግን ባለፈው ዓመት ሥራ የለቀቀ ኢንጂነር ተክሎት የሄደው ነገር ሁልጊዜ አይጠፋም።

ዲትሬስ የተሻለ ፈሊጥ አመጣ። ብራያን ካንትሪል፣ ማይክ ሻፒሮና አዳም ሌቨንታል የሠሩት ይህ መሣሪያ በ2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ወጣ። የተጠቃሚ ፕሮግራም በኮዱ ውስጥ የሚያኖራቸው ፕሮቦች ከስማቸው ጋር የፕሮሰሱ ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፤ ስለዚህ የሁለት ፕሮሰሶች ፕሮብ በስም አይጋጭም፣ ፕሮሰሱ ሲሞትም የማን እንደነበር አያከራክርም። በዚያ ሰዓት የሚያነብ ሰው ካለ ደግሞ ፕሮቡ ወዲያው አይጠፋም፤ ጡረታ ይወጣል፣ አዲስ አንባቢ አይቀበልም፣ የመጨረሻው አንባቢ ሲሄድ ይነሳል። ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች ሁሉ በጨዋነቱ ይህን የሚያህል የለም።

ዊንዶውስ ከዊንዶውስ 2000 እትም ጀምሮ የራሱ የኢቨንት ትሬስ አለው። ፕሮግራሙ በልዩ መለያ ቁጥር ይመዘገባል፣ መያዣ ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ መያዣውን ይመልሳል። ይህኛው አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ አስተዳዳሪው «ይህ መለያ ሲመጣ ክፈተው» ብሎ ማስቀመጥ ይችላል። የከፋው ጎኑ ደግሞ ምዝገባውን ሳያነሳ ከሜሞሪ በሚወጣ ዲኤልኤል ላይ ይታያል። ሲስተሙ ለማሳወቅ የሚጠራው ኮድ በቦታው የለም፣ ፕሮሰሱም ይወድቃል። ማይክሮሶፍት ራሱ በመመሪያው ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ኤልቲቲንግ የተባለው የሊኑክስ መከታተያ ደግሞ የተጠቃሚ ፕሮግራሞችን ኢቨንት ከከርነሉ አውጥቶ በተጠቃሚ በኩል ይጨርሰዋል፤ ፈጣን ነው፣ ራሱን የቻለ ዓለም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በመግቢያዬ ያነሳሁት፣ ተራ ፕሮግራም ኢቨንቱን ለከርነሉ የሚያስመዘግብበት የሊኑክስ ዩዘር ኢቨንትስ የማይክሮሶፍቱ ቦ ቤልግሬቭ ሥራ ነው። ከርነሉ ውስጥ ለመግባት የወሰደው መንገድ ጠማማ ነበር። በ2022 ጸደይ ለሊኑክስ 5.18 ተቀባይነት አገኘ። ከገባ በኋላ ግን ዴኖዬ ጠንከር ያሉ ጥያቄዎች አነሳ፣ የኢቢፒኤፍ ኃላፊው አሌክሲ ስታሮቮይቶቭም ከኢቢፒኤፍ ጋር የታሰበውን ግንኙነት ተቃወመ። የኢቢፒኤፉ ክፍል በዚያው ሰሞን ወጣ። የትሬሲንግ ኃላፊው ስቲቨን ሮስቴት ደግሞ 5.18 ከመውጣቱ በፊት ሥራውን «የተሰበረ» ብሎ ምልክት አደረገበት፤ ኮዱ ከርነሉ ውስጥ ነበረ፣ ማንም ግን ሊያበራው አይችልም ነበር። ለውጭ ሰው ይህ ውርደት ይመስላል። ለሊኑክስ ሕግ ግን ትክክለኛው እርምጃ ነበር፤ ተጠቃሚ አንዴ የለመደውን ነገር ከርነሉ በኋላ ሊሰብረው አይችልምና፣ ያልበሰለ ነገር ከሚወጣ ታግዶ ቢከርም ይሻላል።

የመጀመሪያው አሠራር ፕሮሰሶች ሁሉ በጋራ የሚያዩት አንድ የሜሞሪ ገጽ ነበረው። እያንዳንዱ ኢቨንት በገጹ ላይ ቦታ አለው፤ ኢቨንቱ ሲከፈት ቦታው ይለወጣል፣ ፕሮግራሙ እያየ ይጽፋል ወይም ይተዋል። የኢቨንቶች ብዛት በገጹ ስፋት ተወሰነ። የተመዘገበ ኢቨንት ደግሞ ባለቤቱ ሞተም ኖረም እዚያው ነው፤ በግልጽ ሰርዝ ካልተባለ አይነሳም። ውሱን ቦታና የማይነሳ ኢቨንት አንድ ላይ ሲሆኑ መጨረሻው የታወቀ ነው።

ሁለተኛው አሠራር በሰኔ 2023 በሊኑክስ 6.4 ወጣ። የጋራ ገጹ ቀረ። አሁን ፕሮግራሙ «በራሴ ሜሞሪ፣ በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ቢት ላይ ምልክት አድርግልኝ» ይላል። አንዱን ኢቨንት ከልደቱ እስከ ሞቱ እንከተለው። የክፍያ ፕሮግራሙ በትሬስ ማውጫው ውስጥ ያለውን የዩዘር ኢቨንትስ ዳታ ፋይል ይከፍታል፤ የኢቨንቱን ስም፣ የሚይዛቸውን መረጃዎች ዓይነት፣ የቢቱን አድራሻ ሰጥቶ ይመዘገባል፤ በምላሹ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የሚያደርገው ያንን ቢት ማየት ነው። ቢቱ ዜሮ ከሆነ ያልፋል፤ ወጪው አንድ የሜሞሪ ንባብ ብቻ ነው። አስተዳዳሪው ፐርፍ ወይም ኤፍትሬስ በተባሉት የሊኑክስ መከታተያዎች ኢቨንቱን ሲከፍተው ከርነሉ በፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ቢቱን ወደ አንድ ይለውጠዋል። ፕሮግራሙ ይህን ሲያይ ቁጥሩን አስቀድሞ መረጃውን አስከትሎ በፋይሉ ላይ ይጽፋል።

በከርነል ኮድ ላይ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቅንድቡን ያነሳል። የሌላን ፕሮሰስ ሜሞሪ መጻፍ? ገጹ በዚያ ሰዓት ራም ላይ ባይኖርስ? ፕሮሰሱ ፎርክ ቢያደርግስ? ለሁለቱም መልስ ተበጅቷል። ገጹ ከሌለ ከርነሉ እዚያው ቆሞ አይጠብቅም፤ ገጹን የማምጣቱን ሥራ ለኋላ ሠራተኛ ያስተላልፋል። ልጅ ፕሮሰስ ሲወለድ የአባቱን ምዝገባ ይወርሳል፤ ሌላ ፕሮግራም ሆኖ ሲነሳ ውርሱ ይቋረጣል፣ አድራሻው በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ትርጉም የለውምና።

አሁን ፕሮግራሙ በድንገት ተገደለ እንበል። በ6.4 ላይ ኢቨንቱ አሁንም ይቀራል፤ ወይ በትእዛዝ ወይ በዳይናሚክ ኢቨንትስ ፋይል በኩል ሰው ያነሳዋል። ለውጡ የመጣው በቀጣዩ እትም፣ በ6.5 ነው። እያንዳንዱ ኢቨንት ስንት ያዥ እንዳለው የሚቆጥር ቆጣሪ አለው፤ የመዘገበው ፋይል አንድ ያዥ ነው፣ ፐርፍ ከከፈተው ሌላ ያዥ ነው፣ ኤፍትሬስም እንዲሁ። ከርነሉ የሞተውን ፕሮሰስ ፋይሎች ሲዘጋ ቆጣሪው አንድ ይቀንሳል። ፐርፍ እያነበበ ከሆነ ኢቨንቱ ይቆያል። ፐርፍ ሲወጣ የመጨረሻው ያዥ ሄዷል ማለት ነው፣ ኢቨንቱም በራሱ ይነሳል። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም፣ ማንም አላስታወሰም።

ስረዛው ግን እዚያው አይፈጸምም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጨረሻው ያዥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ኢቨንቱን በመዝጋት ሂደት ውስጥ ነው፤ ከርነሉ ገና የኢቨንቱን መዋቅር እየነካ፣ የኢቨንቶችን ሎክ እንደያዘ። በዚያ ቅጽበት ኢቨንቱን ማጥፋት የቆሙበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ስረዛው ለኋላ ሠራተኛ ይተላለፋል። ሠራተኛው ተራው ደርሶ ሎኩን እስኪይዝ ድረስ ግን ጊዜ ያልፋል፣ በዚያ ክፍተት አዲስ ፕሮግራም መጥቶ ያንኑ ኢቨንት ሊመዘገብበት ይችላል። ወድቆ ወዲያው የሚነሳ አገልግሎት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሎኩን ከያዘ በኋላ «አሁንም ያዥ የለውም?» ብሎ ዳግመኛ ይቆጥራል። ካለ፣ ትቶት ይሄዳል። በሆነ ምክንያት ስረዛው ካልተሳካም ኢቨንቱ የሚቀጥለውን ምዝገባ ወይም አስተዳዳሪውን ይጠብቃል። የጥሩ ከርነል ሥራ የሚለየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዋናው ሐሳብ ሁለት መስመር ነው፤ ድካሙ ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት መጠበቅ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተል አንድ ነገር አስተዳዳሪዎችን ግራ ያጋባል። በኤፍትሬስ የተከፈተ ኢቨንት ፕሮግራሙ ከሞተ ከሳምንት በኋላም በዝርዝሩ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስህተት አይደለም፤ የከፈተው ሰው ራሱ ያዥ ነው። ሲዘጋው ይጠፋል።

በራስ-ሰር መነሳቱ ሁሉን አላስደሰተም። ማሽኑ ሲነሳ ኢቨንቶችን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ አገልግሎት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ አገልግሎቱ ዳግም ሲጀመር ኢቨንቶቹ አብረው መጥፋታቸው አይመቻቸውም። በኦፕን ቴሌሜትሪ ዙሪያ የሚሠሩትም ኢቨንቱ መኖር አለመኖሩን አይተው መረጃ ስለመላክ መወሰን ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ የኢቨንቱ መኖር ራሱ ምልክት ነው። ቤልግሬቭ ይህን ከጅምሩ ስላየ ራስ-ሰር ስረዛውን ሲያመጣ የ«ይቆይ» ምልክትም አብሮ አስቀመጠ፤ ግን አልከፈተውም። ምልክቱን ሊሞክር የመጣ ፕሮግራም በስህተት መልስ ይመለስ ነበር። በሩን ሠርቶ ቆልፎ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ከ5.18 የተገኘ ትምህርት ይመስለኛል። በሩ የተከፈተው በ6.7 ነው፣ እሱም ለሁሉም አይደለም። እንዲቆይ የሚደረግ ኢቨንት መመዝገብም ሆነ መሰረዝ የሚችለው ሲስተሙን የመከታተል ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። የትሬስ ማውጫውን መክፈት የቻለ ማንኛውም ፕሮግራም ከሞቱ በኋላ የሚኖር ነገር ጥሎ መሄድ አይችልም።

ውሳኔው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ልማዱ መነሳት፣ ልዩነቱ መቆየት፣ ልዩነቱን የሚጠይቅም በስሙ ፈቃድ የሚያወጣ። ከሦስቱ አንዱ ቢገለበጥ ወደ 5.18 እንመለሳለን። ምክንያቱም ኮንቴይነሮች ኢቨንቶቻቸውን የሚጋሩት በአንድ ዝርዝር ነው። ለየኮንቴይነሩ የተለየ ዝርዝር ይኑር የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያው ኮድ ውስጥ ጅምር ነበረው፣ በኋላ ወጣ። ጠቅላላ ጣሪያው እንደ ልማድ 32768 ኢቨንት ነው፤ አስተዳዳሪው ሊለውጠው ይችላል። ኢቨንት የማይነሳ ቢሆን አንድ ጋጠወጥ ኮንቴይነር ጣሪያውን ብቻውን ሞልቶ ሌላውን ሁሉ ደጅ ሊያስቀር በቻለ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ያልተፈታው የስምና የቅርጽ ጉዳይ ነው። አንድ አገልግሎት አዲስ እትም ሲያወጣ አሮጌው ወዲያው አይወርድም፤ ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አዲሱ እትም በዚያው ስም አንድ መረጃ የጨመረ ኢቨንት ሊመዘገብ ሲመጣ «ስሙ ተይዟል» ይባላል። አሮጌው እስኪሞት መጠበቅ አለበት ማለት ነው። በ2024 ለዚህ መፍትሔ ተሰጠ። ፕሮግራሙ ከፈለገ ኢቨንቱን በተለየ ክፍል ያስመዘግባል፣ ከርነሉ በስሙ ላይ መለያ ቁጥር ይቀጥልበታል፤ ስለዚህ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ቅርጾች አብረው ይኖራሉ። ተመዝጋቢው ተገላገለ፣ ሸክሙ ወደ አንባቢው ዞረ። አንባቢው አሁን በስሙ የሚጀምሩትን ሁሉ ፈልጎ፣ የእያንዳንዱን ቅርጽ አንብቦ መለየት አለበት። ዲትሬስ ከሃያ ዓመት በፊት ያደረገውን ሊኑክስ በሌላ መንገድ ዞሮ ደረሰበት፤ የዲትሬስ ቁጥር ግን ፕሮሰሱን ይናገራል፣ የሊኑክሱ ምንም አይናገርም።

ሌላው ጉድለት ባለቤትነት ነው። የዩዘር ኢቨንትስ የሁኔታ ፋይል ሲነበብ የኢቨንቶቹን ስም፣ በፐርፍ ወይም በኤፍትሬስ መያዛቸውን ይናገራል። ማን እንዳስመዘገባቸው አይናገርም። በራሱ ለሚነሳ ኢቨንት ይህ ግድ አይሰጥም። እንዲቆይ ለተደረገው ግን ግድ ይሰጣል፤ በፈቃድ የተተከለ ቢሆንም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያገኘው አስተዳዳሪ ማንን ጠይቆ እንደሚያነሳው አያውቅም። የራስ-ሰር ስረዛው ያስወገደው ችግር በዚህች ጠባብ በር ተመልሶ እየገባ ነው። ስሙ ላይ የቡድን ስም የመጨመር ልማድ ይረዳል፤ ከርነሉ ግን አያስገድድም።

በጆርጂያው ዳግላስ ካውንቲ ዳታ ሴንተሮችም ይሁን አዲስ አበባ ባለ ባንክ የሰርቨር ክፍል ለምትሠሩ፣ መጀመሪያ የምታዩት የከርነላችሁን እትም ይሁን። ከ6.4 በታች ከሆነ ይህ ነገር የላችሁም። በ6.4 አለ፣ ራሱን አይጠርግም። ለረጅም ጊዜ በሚደገፈው 6.6 ራሱን ይጠርጋል፣ «ይቆይ» የሚባል ግን የለም፤ ስለዚህ በ6.6 ላይ ሲነሳ ኢቨንት አስመዝግቦ የሚወጣ አገልግሎት ብትጽፉ ኢቨንቱ ከአገልግሎቱ ጋር ይጠፋል። አገልግሎቱ ፋይሉን ይዞ እንዲቆይ አድርጉት። በ6.12 መቆየቱም፣ ብዙ ቅርጹም አለ። እንዲቆይ የምታደርጉትን ኢቨንት ስም፣ ያስመዘገበውን ቡድንና ምክንያቱን በራሳችሁ ሰነድ ላይ ጻፉት፤ ከርነሉ አይጽፍላችሁም።